ጀርባችንን ሰጥተን ያሸነፍንበት ቀን

«በልጅህ ምለህ! በገዛ ልጅህ!» እማዬ የሰሃን ማድረቂያውን ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «አሁን ደግሞ ሻርፕህን ጠምጥመህ ዙሪክ?»

አባዬ አንድ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ ሌላኛውን እጅጌ ፍለጋ ባለበት ይዞር ነበር። «እዚህ ሜዳ አልደርስም ነው እኮ ያልኩት ወይኒዬ። ዙሪክ ሌላ ሜዳ ነው።»

«አትዋሽ! ‹ይሄን ቡድን ሁለተኛ ዓይኔ ቢያየው ማርታ ትሙት› ነው ያልከው። አውቶቡስ ሙሉ ሰው እየሰማ!»

«አውቶቡሱ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ማን ነበር?»

«ማርታ ነበረቻ!»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ማርታ እኔ ነኝ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጬ ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። ወሬውን ለእማዬ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ክፋት አልነበረኝም። የአባዬ ንዴት ሲያስቀኝ ነው የነገርኳት፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

የምንኖረው ለዛቫንሼ ነበር፤ ጄኔቫ ዳር ያለው፣ ሕንፃዎቹ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ሰማያዊ የተቀቡበት ሰፈር። እኛ ልጆች ቤታችን የት እንደሆነ ስንጠየቅ ቁጥር አንናገርም፤ ቀለም ነበር የምንናገረው። እማዬ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ አባዬ አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። ፓስካል የሚባለው የሥራ ባልደረባው በአንድ ብርዳማ ቅዳሜ የሰፈሩን የበረዶ ሆኪ ቡድን ሊያሳየው ወሰደው። ትልቁን የከተማውን ቡድን እንዳይመስላችሁ፤ የታችኛው ምድብ ውስጥ ያለ፣ ተጫዋቾቹ ቀን ቀን ቧንቧ ጠጋኝና አስተማሪ የሆኑበት ቡድን ነበር። ያን ቀን ቡድኑ አሸነፈ። አባዬን ያጠፋውም ይኸው ነው። ተሸንፈው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ አይሄድም ነበር።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ሽንፈት። እየመሩ ይሸነፋሉ፤ እየተመሩም ይሸነፋሉ። አንድ ጊዜ የተጋጣሚው በረኛ ታሞ አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ገብቶብን ተሸነፍን። ደጋፊው ቢበዛ ስድሳ ሰው ነው፤ ስድሳውም የየራሱ መድኃኒት ነበረው። ፓስካል ያቺ የመጀመሪያ ቀን ያደረጋትን ካልሲ አላጥብም ብሎ አራት ዓመት ሄደባት። አባዬ ደግሞ በእኔ እግር ያምን ነበር። ትኩሳት ይዞኝ የቀረሁ ቀን ዘጠኝ ለዜሮ ተሸነፉ፤ እኔ ስሄድ በሁለትና በሦስት ጎል ብቻ ነው የሚሸነፉት። «የማርታ እግር ገድ አለው» ይላል። ስለዚህ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። የሜዳው ሽታ እስከ አሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ፦ እርጥብ ጓንት፣ የወለሉ ላስቲክ፣ ሰናፍጭ፣ ደግሞ ከበረዶው ራሱ የሚመጣ፣ ስም የሌለው፣ ፍሪጅ ውስጥ አንገትን እንደማስገባት ያለ ሽታ።

መሐላው የመጣው አራት ለአንድ እየመራን በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች አምስት ለአራት የተሸነፍን ዕለት ነው። ወደ ቤት በሚመልሰን አውቶቡስ ውስጥ ነን። ፓስካል ግንባሩን መስታወቱ ላይ ደግፏል። አባዬ ድንገት ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋና በእኔ ማለ። እኛ ዘንድ ሰው በሰው ሞት ሲምል ብርቅ አይደለም፤ አባዬ ሻዩ ትኩስ መሆኑን ለማስረዳት እንኳ በአያቴ ይምላል። ይኼኛው ግን የተለየ ነበር፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ቤት ዋለ። ያልተበላሸ መሳቢያ ፈትቶ ገጠመ። እሱ ከሌለባቸው ሦስት ጨዋታዎች ደግሞ ቡድኑ ሁለቱን አሸነፈ!

«እኔ እስክቀር ነበር ለካ የሚጠብቁት» አለ፤ ግማሽ ሳቅ፣ ግማሽ ለቅሶ።

በሁለቱ ድል ምክንያት ሁሉም ነገር ለመጨረሻው ጨዋታ ተረፈ። ዙሪክ፣ ኦርሊኮን፣ ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት። ካሸነፍን ምድቡ ውስጥ እንቆያለን። ከተሸነፍን እንወርዳለን፤ ከወረድን ደግሞ ቡድኑ እንደሚፈርስ ሁሉም ያውቃል። አባዬ ከዚህ ጨዋታ ቀርቶ ቤት መዋል አልቻለም። እማዬም መሐላውን እንዲረግጥ አልፈቀደችም። የዚያን ጠዋት ጭቅጭቅ የፈታው የእሷ አንድ ሐሳብ ነው፦ የንስሐ አባታችን የሚኖሩት ዙሪክ ነው፤ ሦስታችንም እንሄዳለን፤ ወይ መሐላውን ይፈቱለታል፣ ወይ ሦስታችንም ጨዋታውን ሳናይ በመጣንበት ባቡር እንመለሳለን።

ባቡሩ ውስጥ ሦስት ሰዓት ገደማ ተቀመጥን። እማዬ መዝሙረ ዳዊቷን ታነባለች፤ አባዬ ሻርፑን ይጠመጥማል፣ ይፈታል፤ እኔ መስኮቱ ላይ ተንፍሼ በጣቴ ሦስት ለሁለት ብዬ ጻፍኩና አባዬ ሳያየው አጠፋሁት።

ቀሲስ ይትባረክ በዓል በዓል ጄኔቫ መጥተው ይቀድሱልናል፤ በአዘቦቱ ቀን ግን አልትሽቴተን የሚባል የዙሪክ ሰፈር ውስጥ ዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ይሠራሉ። የሻይ ሰዓታቸው ላይ ደረስን። ሁልጊዜ በጥምጣም የማውቃቸው ሰው የሚያብረቀርቅ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው፣ በመስቀላቸው ፈንታ የዕቃ መቁጠሪያ ማሽን ይዘው ብቅ ሲሉ ለመሳለም ግራ ገባኝ። እሳቸው ግን ከሰደርያው ኪስ መስቀላቸውን አወጡ። እማዬ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳች። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«በልጅ መማል?» አሉት። «ስንት ጊዜ ነገርኩህ?»

«አጥፍቻለሁ አባታችን።»

«ቀኖና ትቀበላለህ። ከፋሲካ በኋላ ና፤ ያን ጊዜ እፈታሃለሁ።»

«ጨዋታው እኮ ዛሬ ነው አባታችን!»

«ቡድኑ ከፋሲካ በኋላ የለም?»

«ምናልባት አይኖርም!» አባዬ እንደዚያ ሲል ድምፁ እንደ አውቶቡሱ ዕለት ተሰበረ።

ቀሲስ ወደ እኔ ዞሩ። «የተማለብሽ አንቺ ነሽ? ፈርተሻል?»

«አዎ» አልኩ። «ከተሸነፍን።»

ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ከዚያ አባዬን ቃል በቃል ምን ብሎ እንደማለ ጠየቁት። አባዬ ነገራቸው። ሰዓታቸውን አዩ፤ «እንግዲህ ዓይንህን ጠብቅ» ብለውት ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የከተማው ባቡር ጣቢያ ስንደርስ አባዬ የጄኔቫውን አቅጣጫ ነበር የሚፈልገው። ተስፋ ቆርጧል። ያኔ ነው የቀሲስ ንግግር ጭንቅላቴ ውስጥ የዞረው። የማለው በዓይኑ ነው፤ በጆሮው አልማለም። «አባዬ» አልኩት፣ «አንተ አትይ። እኔ አያለሁ፤ አይቼ እነግርሃለሁ።» እማዬን ቀና ብለን አየናት። የኦርሊኮኑ ባቡር እየገባ ነበር። ረጅም ጊዜ አሰበች፤ ማለት፣ በሮቹ ሊዘጉ እስኪሉ ድረስ።

«ጀርባህን ሰጥተህ ትቆማለህ» አለችው። «እኔ ፊት ለፊትህ ሆኜ ዓይንህን እጠብቃለሁ። አንዴ ብትዞር፣ አንዴ! እንወጣለን።»

እንዲህ ሆነን ገባን። የእንግዳ ደጋፊ የሚቆመው አንድ ጥግ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ባለ ደረጃ ላይ ነው። አባዬ በረዶውን በጀርባው አድርጎ ቆመ። እማዬ በጥቁር ካፖርቷ ሁለት ደረጃ ከፍ ብላ፣ አስተማሪ መስላ፣ ዓይኖቹ ላይ ዓይኗን ተከለች። እኔ አጠገቡ ወደ ሜዳው ዞሬ። አካባቢው ሁሉ የተጠበሰ ቋሊማ ይሸታል፤ ዐቢይ ጾም ስለነበር አባዬ በዓይኑም በሆዱም ታስሮ ነበር ማለት ነው።

ጨዋታው በተጀመረ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጎል ገባብን። የቤቱ ጡሩምባ ጮኸ፣ እንደገና ጮኸ። ያኔ ፓስካል አባዬን አየው፤ ጀርባውን ለቡድኑ ሰጥቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ እንደ ሐውልት የቆመውን አባዬን። ፊቱ በራ።

«ታዴ! ብራቮ! ልክ ነህ! በቃን!»

ተቃውሞ መሰለው። አባዬ በሻንጣ ጫኝ ፈረንሳይኛው ሊያስረዳ ሞከረ፤ «አይደለም፣ የሃይማኖት ጉዳይ ነው» አለ። «ለእኛስ ሃይማኖታችን አይደል እንዴ!» ብሎ ፓስካል ጮኸና እሱም ዞረ። ከጎኑ ያለችው ሴትዮ ዞረች። ባሏ ዞረ። ከበሮ የሚመታው ሽማግሌ ከበሮውን ይዞ ዞረ። አራት ዓመት ሙሉ የታፈነ ንዴት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስድሳ ጀርባ ሆነ። ወደ በረዶው የቀሩት ፊቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፦ የእማዬና የእኔ፤ እማዬ ደግሞ የምትጠብቀው የባሏን ዓይን ነው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ አምበላችን እየተንሸራተተ መስታወቱ ድረስ መጣ። ከላብና ከጉም በስተጀርባ ጀርባዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ እኔን አየኝ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ እጄን አወዛወዝኩለት። በዱላው ጫፍ መስታወቱን ቀስ አድርጎ አንኳኳና ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ልቤ ይዘላል። እኔ በአማርኛ ለአባዬ እየነገርኩ ነበር፤ የሆኪ አማርኛ ደግሞ ማንም አላስተማረኝም። ያቺን እንደ ኳስ የሚመቷትን ጠፍጣፋ ክብ ላስቲክ «ጥቁሯ» እላታለሁ። «አባዬ፣ ጥቁሯ ከእኛ ጋ ናት! ረጅሙ ወሰዳት፤ አጥሩ ጋ አጣበቁት፤ ወጣ! ሰጣት፤ አይ፣ ቀሙን፤ በረኛችን በሆዱ ተኛባት!» ፓስካል አላስችል አለው። አንገቱን ሳያዞር፣ በአፉ ጥግ፣ «ማርታ፣ ምን ሆነ?» ይለኛል። በፈረንሳይኛ እደግምለታለሁ። እሱ ለሴትዮዋ፣ ሴትዮዋ ለባሏ፣ እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ወሬው ይወጣል። ማንም ኩራቱን ሰብሮ አይዞርም፤ ማንም ደግሞ ጆሮውን አይነቅልም። ሁለት ለአንድ ሲሆን ስድሳ ጀርባ ተንቀጠቀጠ። ሁለት ለሁለት ሲሆን ከበሮው ሳይፈቀድለት አንዴ ጮኸ። ድምፄ ሊጠፋ ነው፤ አባዬ ጣቶቼን ጨምቆ ይዟቸዋል፤ እማዬ «ዓይን!» ትላለች በየመሃሉ፣ «ዓይን!»

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ሁሉም ሰው በእነሱ ጎል አፍ ላይ ተከመረ። እኛ ቡድን ውስጥ ፍሪጁ የሚሉት ከባድ ተከላካይ ነበር፤ እንዴት እዚያ ድረስ እንደሄደ እሱም አያውቅም። ተገፍቶ ወደቀና በረዶው ላይ ተቀመጠ፣ ጎሉን በጀርባው አድርጎ፣ የራስ ቁሩ ዓይኑ ላይ ወርዶበት። አንድ ሰው መታ፤ ጥቁሯ የሌላውን ጫማ ነክታ የፍሪጁን መቀመጫ መታችና፣ ነፍስ እንደሌላት ሁሉ፣ ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ መስመሩን አለፈች። ጎሉን ያገባው ሰው ራሱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጡሩምባ የለም። ስድሳ ሰው ትንፋሹን ያዘ፤ የዚያ ጸጥታ ትርጉም ገብቷቸዋል፣ ግን ማመን ፈሩ።

«ማርታ?» አለ አባዬ።

«ጎል!» አልኩ። ይቺን ማንም እንዲተረጎምለት አልጠየቀም።

ሁሉም ዞረ፣ ተቃቀፈ፣ ከበሮው አበደ፤ ፓስካል ሁለት ደረጃ ወድቆ እየሳቀ ተነሳ። አባዬ ብቻ አልዞረም። ሰው እየተንጠለጠለበት፣ ዓይኖቹ እማዬ ላይ እንደተተከሉ እንባው ይወርዳል። «እንዴት ገባ?» አለኝ። «ንገሪኝ እንጂ፣ እንዴት ገባ?»

ፊቱን አየሁት። አራት ዓመት። መቀመጫ ነክቶ ገባ ልለው ነው? አፌ እንቢ አለ። «ፍሪጁ» አልኩ፣ «ከእኛ በረኛ አጠገብ ወሰዳት። ብቻውን። አንዱን አለፈው፣ ሁለተኛውን አለፈው፣ ሦስተኛው ላይ ዞረበት። በረኛው ወደቀ። ቆሞ ጠበቀው፣ እስኪወድቅ ጠበቀው፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ላይኛው ጥግ ላይ አስቀመጣት።»

ይህን እያልኩ እማዬን አየኋት። ከእኔ ሌላ ያየች እሷ ብቻ ናት፤ ከዚያ ከፍታ ሆና ሁሉንም አይታለች። እማዬ ደግሞ አንዲት ከረሜላ ደብቄ ስለዋሸሁ ቀሲስ ዘንድ ወስዳ ያስናዘዘችኝ ሴት ናት፤ ለዚያውም ጾም ነው። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። የአባዬን ፊት አየች።

«አራት ናቸው» አለችኝ ኮስተር ብላ። «ያለፈው አራት ሰው ነው። በደንብ ንገሪው።»

አሸነፍን። ቡድኑ አልፈረሰም። ከፋሲካ በኋላ ቀሲስ አባዬን ፈቱት፤ ዓይኑም ወደ ሜዳው ተመለሰ። ያቺ ጎል ግን በእኔ አፍ እንደገባች ቀረች። ሌሎቹ የዞሩት ከገባች በኋላ ነው፤ ያኔ ተጫዋቾቹ ተቃቅፈው ክምር ሆነዋል። ለፓስካል በፈረንሳይኛ ነገርኩት፣ ፓስካል አየር ማረፊያው ውስጥ አዳረሳት፣ በዓመቱ የሜዳው ቡና ቤት ውስጥ በእጅና በኩባያ እያሳዩ የሚተርኳት ሆነች። ፍሪጁ ራሱ መጀመሪያ ሲሰማት ደንግጦ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት አምስተኛ ሰው ጨመረባት።

እኔ አሁን የምኖረው እዚያው ኦርሊኮን ነው። የድሮ ፋብሪካዎቹ ቦታ ላይ አዲስ አፓርታማ በቅሏል፤ ወደ ሥራ የሚያጣድፈኝ ትራም በዚያ በኩል ያልፋል። ቡድናችን ከፍ ወዳለ ምድብ ወጥቷል፤ ያሸንፋል። ጄኔቫ ላይ አዲስ አዳራሽ፣ ትራስ ያለው ወንበር፣ እያንዳንዷን ጎል ደጋግሞ የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን አለው። ባለፈው ወር ስሄድ ፊቴ ያሉት ልጆች ጎል ሲገባ እንኳ ከስልካቸው ቀና አላሉም፤ በኋላ ያዩታላ። ማንም ጎኑ ያለውን «ምን ሆነ?» ብሎ አይጠይቅም። በማሸነፋችን ደስ ይለኛል፣ ከልቤ። ነገር ግን ስድሳ ሰው አፌን የሚጠብቅበት፣ ድምፄ እስኪዘጋ የሚያስፈልግበት ቦታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ለዛቫንሼ፣ እማዬና አባዬ ቤት ነበርኩ። ፓስካል መጣ፤ ጡረታ ወጥቷል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ደረጃውን ግን እየሮጠ ነው የወጣው። አንድ የኦርሊኮን ሰው ያኔ በስልኩ የቀረጸውን አሮጌ ቪዲዮ አውጥቶት ኖሯል። የዚያ ቀን ጨዋታ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች። «እኔም አላየሁትም» አለ ስልኩን ከፍ አድርጎ። «ካንተ ጋር ልየው ብዬ ነው ያመጣሁት። ታዴ፣ ይኸው በመጨረሻ ልታየው ነው!»

እማዬ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። አባዬ መነጽሩን አደረገና ስልኩን አየ፤ ገና አልተከፈተም፣ በረዶው ብቻ ነጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አይደለም፣ ግን አየኝ። መነጽሩን አወለቀ። ከወንበሩ ጀርባ ጃኬቱን አነሳ።

«ዳቦ ልግዛ» አለ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዳቦ ነበረ፤ ትኩስ፣ ያልተቆረሰ።

«ሁለት አምጣ» አለችው እማዬ።

በሩ ተዘጋ።